«ይደገም!» የማይሰማ ድራመኛ

ጥር ሲገባ አዲስ አበባ ውስጥ ከሙሽራ ይልቅ ድራመኛ ይወደዳል። ሙሽራን የሚፈልገው አንድ ቤተሰብ ነው፤ ድራመኛን ግን አምስት ቤተሰብ ይፈልገዋል። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ማግባት ያለበት ሁሉ ለማግባት ይሽቀዳደማል፤ ጾሙ ከያዘ ፋሲካ እስኪያልፍ ድረስ ድንኳን የሚጥል የለምና። ስለዚህ ሰርጉ ሁሉ ጥቂት ቅዳሜና እሑዶች ላይ ይታጨቃል። ድራመኞች ደግሞ ልባቸው ርኅሩኅ ስለሆነ ማንንም «አይመቸኝም» ብለው አያሳዝኑም። ለሦስት ሰርግ «እሺ» ይላሉ፣ ከሦስቱም ቀብድ ይቀበላሉ፣ ቅዳሜ ጠዋት ስልካቸውን ያጠፋሉ። ቤዝ ጊታር የሚጫወተውም ያው ነው። ሳክስፎን የሚነፋ ሰውማ ካገኛችሁ አጥብቃችሁ ያዙት፤ እኛ የሰርግ ሙዚቀኞች ያገኘነውን አጥብቀን ስላልያዝነው ዛሬ ዱባይ ውስጥ ለሆቴል እንግዶች ይነፋል።

ያለ ድራም ደግሞ ሰርግ የለም። ኬኩ ዘንበል ብሎ ቢመጣ ይቆረሳል፤ የቪዲዮ ቀራጩ ቢያረፍድ ሙሽሮቹ ዞረው እንደገና ይገባሉ። ድራም ከሌለ ግን የሙሽራው አጎቶች ከወንበራቸው አይነሱም፣ አጎቶቹ ካልተነሱ ደግሞ ሌላው ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል። ሣጥኑ ወደ ሕይወታችን የገባው በዚህ ቀዳዳ ነው።

ሣጥኑ የምንለው መልቲትራክ ሪከርደር ነው። ወፍራም መጽሐፍ የሚያህል፣ ከልብስ ጋር ቦርሳ ውስጥ የሚገባ መቅጃ ነው። ዘሩ ረጅም ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. ታስካም የተባለው የጃፓን ድርጅት ፖርታስቱዲዮ 144 የተባለውን ሲያወጣ፣ በተራ ካሴት ላይ አራት ድምፅ ለየብቻ መቅዳት ተቻለ። ያ መሣሪያ ክሩን በእጥፍ ፍጥነት እያስሮጠ ሁለቱንም ገጽ ባንድ ጊዜ ስለሚበላው፣ የስልሳ ደቂቃ ካሴት ዐሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ይሆናል። ቢሆንም አሜሪካዊው ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ1982 ያወጣውን «ነብራስካ» የተባለ አልበም ቤቱ ቁጭ ብሎ የቀዳው በእሱ ነው። ዛሬ ካሴቱ ቀርቶ ጥፍር የሚያህል ሚሞሪ ካርድ ሆኗል፤ በ2009 የወጣው ዙም አር16 ዐሥራ ስድስት ትራክ ተሸክሞ በስድስት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ይሠራል። የእኛው ሣጥን ታናሽየው ነው፤ ስምንት ትራክ፣ አራት ድንጋይ። ድራሙ ሁለት ትራክ ይይዛል። ቤዙ አንድ፣ ክራሩ አንድ፣ ዱባይ ያለው ሳክስፎን አንድ፣ ተቀባዮቹ አንድ፣ ከኋላ የሚያጅብ ኪቦርድ አንድ። ስምንተኛዋ የክሊክ ናት፤ እሷ የራሷ ታሪክ አላት።

ይህ ነገር ከፕሌይባክ ይለያል፤ ልዩነቱን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ግን ሥራዬ ሆኗል። ፕሌይባክ ማለት ሁሉም ነገር፣ የዘፋኙ ጉሮሮ ሳይቀር፣ ተጠናቆ ፍላሽ ላይ ይመጣና ዘፋኙ አፉን ብቻ ይከፍታል። የእኛ ዘፋኝ ግን ትዘፍናለች፣ እኔም ኪቦርዴን እጫወታለሁ፤ ሣጥኑ የሚሞላው የጎደለውን ብቻ ነው። ሥራ ስንጀምር መጀመሪያ የማደርገው ማን መጣ፣ ማን ቀረ ብሎ ማጣራት ነው። ቤዝ ተጫዋቹ ከመጣ የቤዙን የድምፅ መግፊያ ወደ ታች አወርደዋለሁ፤ ካልመጣ ወደ ላይ። ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ «አለሁ!» የሚለው የመጣው ተማሪ ነበር፤ እኛ ዘንድ ጮኾ «አለሁ» የሚለው የቀረው ነው። አንዳንድ ቅዳሜ ከሰባቱ ሰባቱም ወደ ላይ ይወጣሉ። እንደዚያን ዕለት የባንዱ ድምፅ አምሮ አያውቅም፤ ማንም አልሰከረ፣ ማንም በእረፍት ሰዓት አልጠፋ።

ወደ ክሊኳ ልመለስ። ድራመኛ በሥጋ የመጣ ዕለት ከተቀዳው ክራርና ሳክስ ጋር እኩል እንዲሄድ ጆሮው ላይ «ጢቅ፣ ጢቅ» የሚል ምት ያስፈልገዋል። እንግዳው ደግሞ ያንን መስማት የለበትም። ትልልቆቹ መሣሪያዎች ለዚህ የተለየ መውጫ አላቸው። የእኛው ትንሽ ስለሆነ ያሉት ግራና ቀኝ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሙዚቃውን ሁሉ ወደ ግራ፣ ክሊኳን ወደ ቀኝ እናደርጋለን፤ የግራው ገመድ ወደ ሚክሰር ይሄዳል፣ የቀኙ ወደ ድራመኛው ጆሮ። አዳራሹ በስቴሪዮ አይሰማም፣ ግን ማንስ በስቴሪዮ ይሰማል? በግራ ስፒከር ሥር የተቀመጠ እንግዳ የቀኙን ስፒከር የሚሰማው ተነሥቶ ቁርጥ ሊያመጣ ሲሄድ ነው።

ገመዶቹ ግን ሁለቱም ጥቁር ናቸው። አንድ የመልስ ፕሮግራም ላይ የአዳራሹ ሳውንድማን ሲያገናኝ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆነ። ቁልፉን ስጫን ድራመኛው በሁለት ጆሮው ሙሉ ባንድ ፈነዳበትና ዱላውን ጣለ። አዳራሹ ውስጥ ደግሞ በአራት ግዙፍ ስፒከር «ጢቅ፣ ጢቅ፣ ጢቅ…» ይወርድ ጀመር። ዘፋኛችን ብልህ ናት፤ ሞኒተሯ ውስጥ የሰማችው ምት የዘፈኑ መሆኑን ታውቃለችና ማይኩን ይዛ ገባች። የሙሽሪት አክስት ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው «ይኼ ደግሞ የየት አገር ነው?» አሉ። ሚዜዎቹ ግን አልጠየቁም። ለትከሻ ምት ይበቃዋል፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ አራቱም እስክስታውን ይዘውታል። ገመዱን ነቅዬ ላስተካክል ስሄድ ከመካከላቸው አንዱ በእጁ ከለከለኝ። «ተወው፣ ተወው! አዲስ ነገር ነው!»

ይህም ሆኖ ገመድ ይስተካከላል። የማይስተካከለው ሌላ ነው። ፈረንጅ ሣጥኑን ሲሠራ አንድ ነገር አስቦ ነው የሠራው፤ ዘፈን መጀመሪያና መጨረሻ አለው ብሎ። በእኛ አገር ሰርግ መጀመሪያው አለ። መጨረሻው ግን በዘፋኝም በባንድም እጅ አይደለም። የሚሸልም ሰው እስካለ ዘፈኑ አለ። የመጨረሻዋ ብር ግንባር ላይ ተለጥፋ፣ ተንሸራታ ወድቃ፣ በልጅ ተለቅማ ወደ ካርቶኑ ካልገባች «አበቃ» የሚባል ነገር አይታሰብም።

አንድ ሰርግ ላይ ከክፍለ አገር የመጡ የሙሽራው አጎት ነበሩ። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከባንክ ያልተበተነ አዲስ ኖት ይዘው ወጡ። አሸላለማቸው የድሮ ሰው አሸላለም ነው፤ አንዷን ብር አውጥተው፣ ለሕዝቡ አሳይተው፣ ሁለት ጊዜ ትከሻቸውን ሰብቀው፣ ከዚያ ነው የሚለጥፏት። ሳሰላው ለአንድ ብር አራት ያህል ምት ይፈጅባቸዋል። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ዘፈን ደግሞ አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነው። ሁለቱ ሒሳቦች የተገናኙት አጎት እጃቸውን ወደ ዘፋኛችን ግንባር በዘረጉበት ሰዓት ነው። ሲምባሉ «ጭሽ!» አለ። ዝም። እጃቸው አየር ላይ ቀረ፣ መቶ ብሯም በሁለት ጣታቸው መካከል።

«ልጄ፣ አልጨረስኩም» አሉኝ። ሲቆጡም አይደለም፤ አንድ ታላቅ ሰው እያወሩ ሳሉ ልጅ በመሃል ሲገባ የሚናገሩት ዓይነት ነው።

እንደገና ቁልፉን ተጫንኩ። ዘፈኑ ካለቀ ሣጥኑ የሚነሣው ከመጀመሪያው ነው፤ መሃሉን ለመፈለግ ደግሞ ጊዜ የለም። መጀመሪያ ሁለት መስመር ጸጥታ (ክሊኳ ለድራመኛው የምትቆጥርበት)፣ ቀጥሎ የክራር መግቢያ፣ ቀጥሎ ሳክሱ። አጎት ያንን ሁሉ እጃቸውን ሳያወርዱ ጠበቁ። ዘፋኛችንም ግንባሯን ሳታነሳ ጠበቀች። ቪዲዮ ቀራጩ በዙሪያቸው ሁለት ጊዜ ዞረ። ሰርጉ በኋላ በሲዲ ሲወጣ ያ ቦታ በስሎው ሞሽን የተቀናበረ ይመስላል፤ ሳስበው ግን በስሎው ሞሽን ሳይሆን እንዳለ ያስገባው ይመስለኛል።

አዝማሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይህንን ችግር ከእኔ በተሻለ ይረዳዋል። እዚያ አንድ እንግዳ ብድግ ብሎ «ተቀበል!» ይላል፤ አዝማሪውም «እሺ ጌታዬ» ብሎ ማሲንቆውን ዝቅ አድርጎ እየገዘገዘ ይጠብቀዋል። እንግዳው የመጀመሪያውን ስንኝ ይላል፣ አዝማሪው ይቀበላል። ሁለተኛው ስንኝ ከጠጁ ጋር ይጠፋበታል። ጓደኞቹ ሊያስታውሱት ይሞክራሉ፣ እሱ «ቆይ፣ ቆይ» ይላል፣ ግድግዳውን ያያል። ማሲንቆው ይህንን ሁሉ ጊዜ እየዞረ ይጠብቃል፤ ሲገኝ ይቀበላል። ያ መሣሪያ ያለው አንድ የጭራ ክር ነው። የእኛው ስምንት ትራክ አለው፤ ሰካራም መጠበቅ ግን አይችልም። «ይደገም!» ብለህ ጉሮሮህ ቢዘጋ የሣጥኑ ድራመኛ ዞር ብሎ አያይህም።

መላ አላጣንም። የዘፈኑን አዝማች ደጋግመን ገልብጠን ርዝመቱን ወደ ዐሥራ አምስት ደቂቃ አደረስነው። አጎቶች ደስ ይበላቸው። ግን ሁሉም ሰርግ አጎት የለውም። እንግዳው ሁሉ የቢሮ ሰው የሆነበት፣ ሽልማት ሳይሆን ጭብጨባ ብቻ የሚወጣበት ሰርግ አለ፤ እዚያ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ «ሙሽራዬ» ማለት ቅጣት ነው። በመሃል ቁልፉን ቀጥ ባደርገው ደግሞ መብራት የሄደ ይመስላል። የቀረው ዋናውን መግፊያ ቀስ እያሉ መሳብ ነው፤ ካሴት ላይ ዘፈን ሲያልቅ ድምፁ እየራቀ እንደሚሄደው። ችግሩ የካሴቱ ዘፋኝ አይታይም። የእኛዋ ድምፅዋ ሳይቀንስ ባንዱ ብቻውን እየራቀ ሲሄድ ጥሏት የሄደ ይመስላል። ስለዚህ አንድ ዘዴ ፈጠረች፤ እኔ መግፊያውን ስስብ እሷ ፈገግ እንዳለች፣ እየዘፈነች፣ ከማይኩ ወደ ኋላ ትራመዳለች። እንግዳው እንደ ውዝዋዜ ነው የሚያየው። አንድ ቀን መድረኩ ጠባብ ሆኖ እየራቀች እየራቀች ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። በጣም ተጨበጨበላት።

ፍጥነትም አለ። የእኛ ችክችካ ስድስት ስምንተኛ ነው፤ ክሊኳን ስንሞላ ከስድስቱ አንደኛውና አራተኛው ላይ ረገጥ እንድታደርግ እናዛታለን፤ አለዚያ ፋብሪካው እንደሰጣት በአራት በአራት እየቆጠረች ድራመኛውን ሌላ አገር ትወስደዋለች። ይህ ተስተካከለ እንበል። ሰው ሲሞቀው ግን ሙዚቃውም አብሮት ይሞቃል። ጉራጌኛ ሲጀመርና ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ያለው ፍጥነት አንድ አይደለም። እግሩ ያፈጥናል፣ ድራመኛው እግሩን እያየ ያፈጥናል፣ እግሩ ደግሞ ድራሙን ሰምቶ ይብስበታል። ሣጥኑ ዓይን የለውም። በደቂቃ 120 ብለህ ከሞላኸው፣ ቤቱ ቢቃጠልም 120 ነው። ጨፋሪዎቹ ከፊት፣ ሣጥኑ ከኋላ፣ እኔ በመሃል ኪቦርድ ላይ ሁለቱን ሳስታርቅ ላቤ ይፈስሳል። ማሲንቆ የሚጫወት ጓደኛችን ከእኛ ጋር አንድ ምሽት ሠርቶ ሲወርድ «ከግንብ ጋር ነው የጨፈርኩት» ብሎኛል።

ዘፋኛችን ጉንፋን ከያዛት ደግሞ «ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርግልኝ» ትላለች። ክራር ቢሆን ክሩን ማላላት ነበር። የድሮው የካሴት መሣሪያ የመዞሪያ ፍጥነቱን በመቀነስ ያደርገው ነበር፤ ግን ግማሽ ድምፅ ለማውረድ ፍጥነቱን በመቶ ስድስት ገደማ መቀነስ አለብህ፤ የአራት ደቂቃ ዘፈን ዐሥራ አራት ሰከንድ ይረዝማል፣ ተቀባዮቹም ከእሷ በላይ ጉንፋን የያዛቸው ይመስላሉ። ስለዚህ ፌጦ በማር እናጠጣታለን።

ከአንዱ ዘፈን ወደሚቀጥለው ስንሄድ ሣጥኑ አዲሱን እስኪጭን ጥቂት ሰከንድ ይወስዳል። ጥቂት ሰከንድ ለመድረክ ረጅም ነው። ዘፋኞች በየመሃሉ «እንዴት ናችሁ? አልሰማሁም! እንዴት ናችሁ?» የሚሉት ለምን እንደሆነ የገባኝ እዚህ ሥራ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። ሕዝቡን የናፈቁ ይመስለኝ ነበር።

የመብራቱን ጉዳይ ሳላነሳ ባልፍ ውሸታም እባላለሁ። ሣጥኑን የገዛነው በባትሪ ድንጋይ መሥራቱ ደስ ብሎን ነው፤ «መብራት ቢጠፋ እንኳ አይቆምም» ተባባልን። እውነት ነው፣ አይቆምም። አንድ ምሽት ሙሽሮቹ የመጀመሪያውን ጭፈራ እየጨፈሩ ሳለ መብራት ሄደ። ሚክሰሩ ሞተ፣ ስፒከሮቹ ሞቱ፣ ኪቦርዴ ሞተ። እንግዳው «ኡኡ» ብሎ ስልኩን እያበራ ሻማ ፍለጋ ሲተራመስ፣ ጨለማው ውስጥ የሣጥኑ ትንሽ ቀይ መብራት በርቶ ቁጥሩ ይሮጣል፤ 1:40፣ 1:41… ሙሉው ባንድ ለራሱ እየተጫወተ ነው። ድራመኛችን (የዚያን ዕለት በሥጋ ነበር) ጆሮው ላይ ክሊኳን እየሰማ ስለነበር እሱም አላቆመም፤ ድራም መብራት አይፈልግም። ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ድምፅ ሲመለስ ሣጥኑና ድራመኛው አንድ ምት ሳይሳሳቱ የዘፈኑ መደምደሚያ ላይ ደርሰዋል። «ጭሽ!» አሉ እኩል። ሙሽሮቹ እንደተቃቀፉ ቆመው ቀሩ። የድራመኛውን ፊት እስካሁን አልረሳውም፤ በሕይወቱ እንደዚያ የኮራበት ቀን ያለ አይመስለኝም።

በዚህ ሁሉ የማይስቅ አንድ ሰው አለ። ከትልልቆቹ ኦርኬስትራዎች በአንዱ ውስጥ ትራምፔት ሲነፉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰርግ ላይ ካገኙኝ ሣጥኑን በከዘራቸው ጫፍ ይነኩና «ይኼ ሰውዬ ዛሬም መጣ?» ይሉኛል። ታሪኩን ከአርባ ልጆች ይጀምሩታል። ወላጆቻቸው ያለቁባቸውን የአርመን ልጆች ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም አይተው፣ በ1924 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ አምጥተው፣ ኬቮርክ ናልባንዲያን መሪያቸው ሆኖ ዘመናዊው ባንድ እንደተጀመረ ይተርካሉ። «አርባ ነበሩ» ይላሉ፤ «እኛ ሃያ ምናምን ሆንን። ከእኛ በኋላ ስምንት ሆኑ። አሁን አንድ ሴት፣ አንድ ልጅና አንድ ሣጥን። ቀጥሎ ልጁ ይቀራል።» ልጁ እኔ ነኝ።

እኔም ዝም አልልም። ይህ የእኛ ድህነት ያመጣው ነገር እንዳይመስላቸው «ዘ ሁ» ስለሚባለው የእንግሊዞች ባንድ አጫውቻቸዋለሁ። ሙሉ ባንድ ሆነው ሳለ አንዳንድ ዘፈናቸውን ከቴፕ ጋር ነበር የሚጫወቱት፤ ድራመኛቸው ኪት ሙን ራሱን እየወዘወዘ ስለሚመታ የጆሮ ማዳመጫውን በፕላስተር ጭንቅላቱ ላይ ያጣብቀው ነበር። በኖቬምበር 1973 እ.ኤ.አ. ኒውካስል ከተማ ውስጥ ቴፑ ዘግይቶ ቢገባባቸው ጊታሪስቱ ፒት ታውንዘንድ የድምፅ ሠራተኛውን ከመቀመጫው ጎትቶ፣ ቴፖቹን ሰባብሮ ከመድረክ ሄደ። ሽማግሌው ይህንን ታሪክ ይወዱታል፤ ሁለት ጊዜ አስደግመውኛል። «ትክክለኛ ሰው ነው» አሉ።

የሁለቱን ዘፋኞች የሚሊ ቫኒሊን ጉዳይ አላነሳሁባቸውም። ሁለቱ ልጆች በ1989 እ.ኤ.አ. አሜሪካ መድረክ ላይ ሳሉ ቅጂው ተሰንቅሮ አንድ ሐረግ እየደጋገመ ቢያጋልጣቸው፣ በዓመቱ ደግሞ ድምፁ የእነሱ እንዳልነበር ታውቆ የግራሚ ሽልማታቸውን ተቀሙ። ያ ፕሌይባክ ነው፣ የእኛ ሌላ ነው፤ ሽማግሌው ግን ልዩነቱን ላለመስማት ጆሯቸው ወዲያው ይደክማል።

የማሸንፋቸው በኪቦርድ ተጫዋቹ በኃይሉ መርጊያ ነው። ኃይሉን ያውቁታል፣ ያከብሩታልም። ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ባንዱ በሌለበት ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ ፒያኖውን፣ ሙግ ሲንተሳይዘሩን በድራም ማሽን ላይ እየደራረበ አንድ ሙሉ ካሴት ሠራ። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም አበደለት፤ ከዚያ በፊት ለዓመታት ታክሲ እየነዳ፣ ደንበኛ ሲጠብቅ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከኋላ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። «እሱም ብቻውን ነው የደራረበው ጋሼ» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። «ኃይሉ ሲደራርብ ስምንቱም እሱ ነው» አሉ። «አንተ ስትደራርብ ስምንቱም የሉም።» መልስ እያሰብኩ ነው።

ዋሽንግተን አካባቢ ሰርግ የሚሠራ ጓደኛዬ ግን በሣጥኑ አንድ ቀን ተቸግሮ አያውቅም። እዚያ አዳራሹ በሰዓት ነው የሚከራየው። ሰዓቱ ሲሞላ የሆቴሉ ሠራተኛ መብራቱን ቦግ ያደርገዋል፤ አጎት እንኳ ቢሆኑ እጃቸውን ሰብስበው ካፖርታቸውን ይፈልጋሉ። ሁሉም ሰው እንደ ሣጥኑ ነው የሚኖረው ይለኛል። አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ የሆነ ዘፈን እዚያ እንዲያውም ረዘመ ይባላል።

አሁን የቀረን ጭቅጭቅ የገንዘብ ነው። ሰርግ ደጋሹ ዋጋ ሲነገረው «ሁለት ሰው ናችሁ፣ የባንድ ዋጋ ትጠይቃላችሁ?» ይላል። የስምንት ሰው ድምፅ እንደሚሰማ ስንነግረው «ታዲያ ራት ለሁለት ሰው ነው የማዘው» ይላል፤ በዚህ ተስማምተናል። ከዚያ በኋላ ግን ክፍፍሉ አለ። ሣጥኑን በገንዘቤ የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የሣጥኑ ድርሻ የእኔ ነው ባይ ነኝ። ዘፋኛችን «የእኔ ጉሮሮ ድንጋይ አይቀየርለትም» ትላለች። ከብዙ ሽምግልና በኋላ የሣጥኑ ድርሻ ለላዳና ለባትሪ ድንጋይ ይውል ተባለ።

ይህ እልባት ያገኘ መስሎን ሳለ ቤዝ ተጫዋቹ መጣ። ቤዙን የቀዳልን እሱ ነው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጥቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ሁሉንም ዘፈን ሠርቶልን ሄደ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሣጥኑ ውስጥ ሆኖ ይሠራል፤ እሱ ራሱ ደግሞ በዚያው ሰዓት ሌላ ባንድ ውስጥ ሌላ ሰርግ ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ግን ሥራ አልነበረውም፣ የሙሽሪት ዘመድ ሆኖ ተጠርቶ መጣ። ክትፎውን ሲበላ ራሱን ሰማ። መጀመሪያ ደስ አለው፤ ለጎረቤቱ «ይኼ እኔ ነኝ» ሲል አየሁት። ጎረቤቱ መድረኩን አየና፣ እሱን አየና፣ ወንበሩን ትንሽ አራቀ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሹካውን አስቀምጦ ማሰብ ጀመረ። እንግዳው ሲበተን ገመድ ስጠቀልል አጠገቤ ቆመ።

«ዛሬ ሠርቻለሁ አይደል?» አለኝ።

«በእንግድነት ነው የመጣኸው» አልኩት።

«እሱ እውነት ነው። ግን ሠርቻለሁ። ያለፈው ቅዳሜስ? የጥምቀቱስ?»

ስንነጋገር አመሸን። የኋላውን ተወልን፤ ለወደፊቱ ግን ራሱ በእንግድነት የተቀመጠበት ሰርግ ላይ እንዳናሠራው ቃል አስገባን። ቃላችንን ጠብቀናል። አዳራሹ ውስጥ ካየሁት የቤዙን መግፊያ እስከ ታች አወርደዋለሁ፤ እሱም ከወዲያ ሆኖ እጁን አንሥቶ ያመሰግነኛል። ቤዙ የት ሄደ ብሎ የጠየቀን እንግዳ እስከ ዛሬ የለም፤ ይህንን ግን ለእሱ አንነግረውም።